ሰላምታቸው ምርመራ የነበረ የእጅ ሐኪም

ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከመምህርቷ እናታችን በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያዋ ስለነበሩ ማዘዝ የለመዱት ገና በልጅነታቸው ነው፤ ይህን የማነብላችሁ እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ ሲታዘዝ ያደግሁ ምስክር ነኝ።

አባታችን ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው ደንዝዘው ይነሱና እጃቸውን ያራግፉ ነበር። ያየ ሁሉ «ብርድ ነው፣ ይለቅዎታል» አላቸው። አልለቀቃቸውም። መቀሱ ከእጃቸው መውደቅ ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ የእጃቸው አንጓ ላይ ነርቭ ታፍኖ ኖሯል፣ የአውራ ጣታቸው ሥጋ ሟሽሿል፣ ጊዜው አልፏል ተባሉ። የስፌት መኪናው ተሸጠ። የአሥራ አራት ዓመቷ እህታችን «እኔ ካለሁ ብርድ ነው እየተባለ የሚሞት እጅ አይኖርም» ሲሉ ሳቅንባቸው። እሳቸው ግን አንዴ ያሉትን አይመልሱም።

በ1971 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ፤ ቀጥለውም ቀዶ ሕክምና ተምረው የእጅና የክንድ ነርቭ ሐኪም ሆኑ። የተበጠሰ ነርቭ በማይክሮስኮፕ እየታየ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል፤ «የልብስ ሰፊ ልጅ መርፌ አይፈራም» ይሉ ነበር። ከተሰፋ በኋላ ግን ነርቭ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው፤ ትዕግሥት ያጣ በሽተኛ ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከእሳቸው ሳይሰማ አይወጣም።

አንድ ዳቦ ጋጋሪ በሞተር ሳይክል አደጋ ክንዱ ተንጠልጥሎ መጣ። ሌሎች ተስፋ ሲቆርጡ እህታችን ጥርሳቸውን ነክሰው ከእግሩ ነርቭ ወስደው ቀጠሉለት። ዓመት አልፎ ጣቱ አልንቀሳቀስ ሲል «ዶክተር፣ እንቁላሉስ መቼ ነው የሚሄደው? ይተዉት፣ አንድ እጅ ይበቃኛል» አላቸው። «ለአንተ ይበቃህ ይሆናል፣ ለእኔ አይበቃኝም» ብለው ወደ ልምምዱ መለሱት። ዛሬ ሊጥ የሚያቦካው በሁለት እጁ ነው፤ እዚህም መካከላችን ቆሟል።

ሰላምታቸው ምርመራ ነበር። የጨበጡትን እጅ ቶሎ አይለቁም፤ አውራ ጣቱን ይጫናሉ፣ ትንሿን ጣት ይፈትሻሉ። በ1975 ዓ.ም. ከአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጋር ሲተዋወቁም የሰውየውን እጅ ይዘው ቆዩ። ሰውየው ወደደችኝ ብለው ልባቸው ቆመ። እህታችን ግን «ትንሿ ጣትዎ ደክማለች፤ ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አይደገፉ» አሏቸው። ለክርናቸው ሲመላለሱ ከርመው በዓመቱ ተጋቡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። ክርን መደገፉ ግን እስካሁን አልቀረም።

ባለፈው ዓመት በካንሰር ታመሙ። መድኃኒቱ የገዛ ጣቶቻቸውን አደነዘዘ። ተናደዱ እንጂ አልተሸነፉም፤ አልጋቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቁልፍና ሳንቲም በመዳሰስ ለመለየት ይታገሉ ነበር። ባለቤታቸውም የአልጋውን ጠርዝ በክርናቸው ተደግፈው ሳምንታቱን ሁሉ ከአጠገባቸው አልተነሱም።

ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት እህታችን «እስቲ ጨብጠኝ» አሏቸው። ባለቤታቸው ጨበጧቸው። «ዛሬም ክርንህን ተደግፈሃል» አሉና እጃቸውን ሳይለቁ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። በጣም ይናፍቁናል። ባለቤታቸውን ስታጽናኑ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨብጧቸው፤ ትንሿን ጣት አትርሱ። የያዙትን እጅ መልቀቅ የማይወዱትን እህታችንን ፈጣሪ በእጁ ይቀበልልን።