አፊ ለምን ነጭ እንደለበሰች

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21፣ አሌክሳንድሪያ

ምላሴን በቆረጠው! ከማርያም ስመለስ፣ ሆቴል አብራኝ የምትሠራውን የቶጎዋን አፊን ልያት ብዬ ቤቷ ጎራ አልኩ። ሙሉ ነጭ ለብሳ ከፈተችልኝ። “እናንተም ጋ ዛሬ በዓል ነው እንዴ? አምሮብሻል!” አልኳት።

“እናቴን እየቀበሩ ነው” አለችኝ። ለካ እነሱ ዘንድ ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሰው የሐዘኑ ልብስ ነጭ ነው።

እናቷ ቶጎ፣ ጋና ድንበር ላይ ባለችው ሎሜ ከተማ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ድሮ ፈረንጆች ያሰመሩት ድንበር ቤተሰቡን ለሁለት ቢከፍለውም፣ ጨርቃቸውን ተሸክመው ጋና ያሉት እህቶቻቸው ዘንድ ሲመላለሱ ኖሩ። “እማዬ ድንበሩን እንደ ጎረቤት አጥር ነበር የምታየው” አለች አፊ። እሷ ግን የአሳይለም፣ የጥገኝነት ጥያቄ ጉዳይዋ ስላላለቀ ከዚህ ከአሜሪካ ንቅንቅ ማለት አትችልም።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ቀብሩን በስልኳ አየን። ሴት ልጆቻቸው በሙሉ ከእናታቸው ሱቅ በወጣ በአንድ ነጭ ጣቃ አሰፍተው ለብሰዋል። መሃላቸው ባዶ ወንበር አለ፤ ያው ጨርቅ ሳይሰፋ ታጥፎ ተቀምጦበታል። “የኔ ነው” አለችኝ።

ሰዉ ሲበተን ታናሽ እህቷ ጨርቁን አነሳችና እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች። አፊ ያኔ ነው የጮኸችው።