ከበሩ የሰፋው መንኮራኩር

ለተከበሩ የፈጠራ ሥራዎች ምዝገባ ቢሮ ኃላፊ
ጉዳዩ፦ የኮሪደርዎን አግዳሚ ወንበር እግር ማጠር ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና የማኅተምዎ ቀለም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ የወገቤም ነገር የቢሮዎ ሥራ ስለሆነ ከእሱው ልጀምር።

አንደኛ፣ ከሦስት ቁጥር መስኮት ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው። እኔ ዝቅ ስል በዚያኛው ጫፍ የሚቀመጡት እናት ከፍ ይላሉ፤ እሳቸው ዝቅ ሲሉ እኔ ከፍ እላለሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ተወዛውዘናል። በቢሮዎ ውስጥ ሳያርፍ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ብቸኛው ነገር ይህ ወንበር ስለሆነ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፣ እግረ መንገዴን ላንሳውና፣ ዘጠኝ ቀን እዚያ ያስቀመጠኝ መንኮራኩሬ ነው። ነዳጅም መብራትም ሳይፈልግ በመሬት ስበት ብቻ ለዘላለም እንዲዞር ብዬ ሳሎን ውስጥ ሦስት ዓመት የሠራሁት፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ የእንጨት መንኮራኩር ነው። አሥራ ሁለት የሚታጠፉ ክንዶች አሉት፤ በየጫፋቸው የመዶሻ ራስ ታስሯል። ክንዶቹ በቀኝ ሲወርዱ ይዘረጋሉ፣ በግራ ሲወጡ ይታጠፋሉ፤ ስለዚህ ቀኙ ሁልጊዜ ይከብዳል ብዬ ነበር። እርስዎ ፋይሉን እንኳ ሳይከፍቱ «ሊሠራ አይችልም» ብለው ፈረሙበት። ማንም ሳይገፋው የሚሄድ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ያረጋገጠልኝ ያ ፊርማዎ ነው።

ሦስተኛ፣ አቤት ብል «እንግዲያው ዕቃው ቢሮ ይምጣና ይታይ» ማለትዎ ፍትሐዊ መሆንዎን ያሳያል። ችግሩ፣ ሳይክል ሲጠግን ያረጀ ሰው እንጂ የተማረ ባለመሆኔ፣ በሩን ሳልለካ ነው የሠራሁት። መንኮራኩሩ ከነማቆሚያው ከበሩ በሦስት ስንዝር ይሰፋል። እንዳይፈታ ብዬም በኮላ አጣብቄዋለሁ። ከቤት የሚወጣው ተመግዞ ብቻ ነው፤ የተመገዘ መንኮራኩር ደግሞ ማገዶ ይባላል።

አራተኛ፣ የቤቱ ባለቤት ታላቅ እህቴ እትዬ ናት። ልጇ ቅዳሜ መንትዮቿን ይዛ ስለምትመጣና አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለ፣ እትዬ መጋዝ ገዝታ በሩ ጀርባ ሰቅላለች። «ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ ያንተው ግን ሳይዞርም ከቤት አልወጣ አለ» ብላኛለች። ዛሬ ዓርብ ነው።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጢር ነው፤ አይዞርም። በቀኝ አራቱ ተዘርግተው ሲጎትቱ፣ በግራ ስምንቱ ታጥፈው በብዛታቸው ይጎትታሉ። አንዱ ወርዶ የሰጠውን ሌላው ሊወጣ ሲል ይበላዋል፤ ትርፍ የሚባል የለም። ይህን ያስተማረኝ ወንበርዎ ነው፦ እኔና እናትዮዋ ቀኑን ሙሉ ስንወጣና ስንወርድ ውለን፣ ማታ ሁለታችንም እዚያው ነን።

ታዲያ ምን ፈለግህ ቢሉኝ፣ አንድ ሰው ኮቱን አውልቆ፣ አንዴ ገፋ አድርጎት፣ እስኪቆም ድረስ ቆሞ እንዲያይልኝ ነው። ሳይታይ «አይሠራም» ከመባል፣ ታይቶ «አይሠራም» መባል ትልቅ ማዕረግ ነው።

ስድስተኛ፣ ይቅርታ፣ በር እየተንኳኳ ነው። እትዬ ገበያ ስለሄደች እኔው ልክፈት።

ክቡር ሆይ፣ በሩ ላይ የቆሙት እርስዎ ስለሆኑ ደብዳቤው እዚህ ላይ ይቆማል።

የአግዳሚ ወንበርዎ ታማኝ ጭነት፣
የሰፈሩ ልጆች «አጎቴ መንኮራኩር» የሚሉኝ

ግልባጭ፦
ለእትዬ
ለመጋዙ
ለሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ በብብትዎ ይዘው የመጡት፣ ሃያ ዓመት ቁም ሳጥን ላይ የደበቁት የራስዎ መንኮራኩር በበር ማለፉን አደንቃለሁ። የእርስዎ ሁለት ዙር ሄዶ ቆመ፤ የእኔ ሦስት። ለማንም እንዳልናገር ስለለመኑኝ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ጻፍኩ እንጂ አልተናገርኩም። «ታይቷል፤ አይሠራም» ብለው ስለፈረሙልኝና የመጋዙን አንድ ጫፍ ስለያዙልኝ፣ የመንትዮቹ አልጋ ተዘርግቷል። ኮትዎ ኪስ ውስጥ የሚያገኟት ቁራጭ እንጨት ለወንበሩ እግር ናት። እባክዎ ፋይል አይክፈቱላት።