ሞልቷል

አሽዶድ፣ ሮቫ ቴት
የሲግድ ማግስት፣ ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ቢራራ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን አለን። ልጄ ኖጋ የውትድርና ጊዜዋን ልትጨርስ ትንሽ ቀርቷታል። ከስታለች፣ ምላሷ ግን አልከሳም። እኔም እንደ ድሮዬ ተማሪ የሚያመላልሰውን ሚኒባስ እነዳለሁ። ትናንት ሲግድ ስለነበር ኢየሩሳሌም ወጥቼ ከሕዝቡ ጋር ጾሜን ዋልሁ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ምሕረት ሲለምን እኔ የለመንኩትን ብጽፍልህ ቄሶቹ ይረግሙኛል፤ ስለዚህ እሱን ልተወው።

በስልክ የነገርከኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሽማግሌዎቹ አባባን ለገደለው ሹፌር እርቅ ሊለምኑ እንደገና ደጅህ መጡ። ከታረቅን ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልለታል፣ መንጃ ፈቃዱንም አይነጠቅም አሉህ። አንተም «ያለ እህቴ ያለ አገሬ ቃል አልታረቅም» ብለህ መለስካቸው። እግዜር ያክብርህ። ቃሌን ይኸው ጽፌልሃለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተ ማልቀስ ስትጀምር የማላምንበትን እሺ ስለምል ነው። ወደ ጎንደር ለሚመጣ ሰው ሰጥቼዋለሁና ሲደርስህ ሽማግሌዎቹን ሰብስበህ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

በመጀመሪያ አባባ ማን እንደነበር ይወቁልኝ። እነሱ የሚያውቁት ከውጭ አገር መጥቶ መንገድ መሻገር ያቃተው ሽማግሌ ነው፤ እንዲያ እያሉ እንደሚያወሩ ነግረኸኛል። አባባ እኮ እዚህ ሥራው ሰው ማሻገር ነበር! ጡረታ ወጥቶ ቤት ውስጥ ግድግዳ ማየት ሲሰለቸው፣ ሮቫ ዳሌት የሚባለው ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆች ለማሻገር በፈቃዱ ገባ። ቢጫ ሰደርያ ሰጡት። ያን ሰደርያ እንዴት ይወደው እንደነበር ብታይ! ታበላሺብኛለሽ ብሎ ለኔ አይሰጠኝም፤ ራሱ ነበር የሚያጥበው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ከኋላው ያሰልፋል፣ ዜብራው ላይ ይወጣል፣ ቀኝ እጁን ያነሳል፤ መኪናው ሁሉ ቀጥ! ከወደቡ ዕቃ ጭኖ የመጣ ትሬይለር ሳይቀር ፍሬኑን እያስጮኸ ይቆምለታል። በሩ አጠገብ ፈላፈል የሚሸጠው ራሕሚም «ሃመፋኬድ» ነበር የሚለው፤ አዛዡ ማለቱ ነው።

ታዲያ ወደ መኪናው ዞሮ አያይም ነበር። አንድ ቀን «አባባ፣ ኧረ ዞር ብለህ እይ» ስለው ተቆጣኝ። «ካየሁት ፈራኝ ይላል፤ ፈራኝ ካለ ይገፋኛል። እጄ ከተነሳ ሕጉ ተነሳ ማለት ነው» አለኝ። ዕብራይስጡ ከሰላምታ የማያልፍ ሰው፣ ባንክ ቢሄድ፣ ሐኪም ቤት ቢሄድ እኔ ካልተረጎምኩለት የሚሰማው የሌለ ሰው፣ በዚህ አገር የሚታዘዙለት እዚያች ዜብራ ላይ ብቻ ነበር። እዚያ ሲቆም ቁመቱ ራሱ ይጨምር ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ መንገዳችሁ ልናገር። አስፋልቱ ሲመረቅ ቪዲዮ ልከህልን አልነበር? አባባ ስልኬን ከእጄ እየነጠቀ ደጋግሞ አየው። እናታችን በምጥ ተይዛ በቃሬዛ ስትወሰድ እዚያ ጭቃ ላይ ነው የቀረችው። «ይህ መንገድ ያኔ ቢኖር እናታችሁ ዛሬ አጠገቤ ነበረች» ብሎ አለቀሰ። ልምጣ ብሎ የተነሳው በዚያ ነው፤ አንተንና ልጆችህን ለማየት ነው፣ መንገዱንም ለማየት ነው። ገና ሲደርስ ከመኪና ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ አስፋልቱን በመዳፉ እንደዳበሰው የነገርከኝ አንተው ነህ።

መንገዱን አልጠላውም። መንገድ ምን አጠፋ? ድሮ ሹፌሩን ጉድጓዱ ይቀጣው ነበር፤ ቢፈጥን አክስሉ ይሰበራል። አሁን ጉድጓዱ ተደፈነ፣ በምትኩ የሚቀጣ ግን አልመጣም። ቁልቁለቱ ላይ እያንዳንዱ አይሱዙ የሚበር ይመስለዋል። ዜብራውን ለምርቃቱ ቀን ቀቡት፤ ሪባን የቆረጡት ሰዎች ተራመዱበት፣ ፎቶ ተነሱበት፣ ሄዱ። ምልክት የተከለ የለ፣ ይህ ነጭ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ለሹፌሩ የነገረው የለ። ትራፊክ ፖሊሱም ዳገቱ ጫፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ትርፍ የጫነ ይጠብቃል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ማን ያሻግራቸዋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አባባ ብቻ ጠየቀ።

የዚያን ቀን ገበያ ነበር። ሰደርያውን ለብሶ ወጣ። ሻንጣው ውስጥ ሲከተው አይቼ «ደግሞ ይኼ እዚያ ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ስቄበት ነበር። ልጆቹ በመኪና መካከል እየተሹለከለኩ ሲሻገሩ አየና ጮኸባቸው፤ አሰለፋቸው፤ ዜብራው ላይ ወጣ፤ እጁን አነሳ። ወደ መኪናው አልዞረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሹፌሩ ራሱ ፍርድ ቤት ቆሞ ተናግሯል፤ አንተም ቃል በቃል ነግረኸኛል። «አዛውንቱ እጃቸውን ሲያነሱ መሳፈር የፈለጉ መስሎኝ ጥሩምባ ነፋሁ፤ በእጄም ሞልቷል አልኳቸው። ይመለሳሉ ብዬ ነው» አለ። ሞልቷል! ረዳቱም በመስኮት ተንጠልጥሎ «ሞልቷል፣ ፋዘር፣ ሞልቷል!» እያለ ይጮህ ነበር አሉ። በናንተ አገር መንገድ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ተሳፋሪ ነው። አባባም ይህን ያውቅ ነበር፤ አሽዶድ አስረሳችው። ልጆቹ ከኋላው ስለነበሩ ተረፉ። እሱ ግን ያ ሁሉ መኪና የቆመለት እጁ እንደተነሳ «ሞልቷል» ተባለ። ፍሬኑ ከሹፌሩ እግር ሥር ነበር። ጥሩምባው ቀለለው። ይህን ይቅር የምልበት ልብ የለኝም፣ እንዲሰጠኝም አልለምንም።

ይባስ ብሎ በዋስ ወጥቶ አባባን የገጨበትን ያንኑ ሚኒባስ ይነዳል። በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው ዜብራ ላይ! የተሰበረውን መስታወት ቀይሮ ሥራውን ቀጠለ። አንተ እሱን ላለመሳፈር ገበያ በእግርህ ትሄዳለህ፣ እሱ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፍሃል። እናቱ ደጅህ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች ብለኸኛል። እኔም እናት ነኝ፣ እንባዋ ይገባኛል። የልጇን እንባ ግን አየሁ ያለኝ ሰው የለም።

እኔ እዚህ ምን እንደሆንኩ ደግሞ ስማ። የሐዘኑ ሳምንት ባለቀ ማግስት፣ አባባ ይቆምባት በነበረችው ዜብራ ላይ አንድ ጎረምሳ ስልክ እያወራ ልጆቹን ጥሶ ሊያልፍ ሲል አገኘሁት። ሚኒባሴን አዙሬ መንገዱን ዘጋሁበት። ወርጄ ቁልፉን ከመኪናው ነቀልኩና ራሕሚም የሚጠብስበት ዘይት ውስጥ ልጥለው ሄድኩ። ራሕሚም እጄን ባይዝ ጥዬው ነበር። ጎረምሳው ፊቱ ቲማቲም መስሎ መኪናውን በእጁ ወደኋላ ገፍቶ ቆመ፤ ልጆቹ አለፉ። ደስ አለኝ ቢራራ! እስከ ማታ ድረስ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ደስታ እየፈለግሁ ነው የምውለው።

ወደ ቃሌ ልመለስ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ አንገቱ ላይ ድንጋይ አሸክመን እግርህ ሥር እንጥለዋለን ብለዋል። ደንባቸውን አከብራለሁ። ግን ድንጋዩን እኔ ምን ላድርገው? ተሸክሞት ይመጣል፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል፣ ያወርደዋል፣ ተመልሶ መሪውን ይጨብጣል። ድንጋዩን ይተዉለት። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው።

አባባ የወጣበትን ዜብራ በእግሩ ይሻገር። ቀኝ እጁን ያንሳ። ወደ መኪናው አይዙር።

ሽማግሌዎቹ ብልሆች ስለሆኑ እሺ ብለው መንገዱን ከላይም ከታችም አዘግተው እንደ ሙሽራ ሊያሻግሩት ይችላሉ። ካልዘጉትም አንዱ አይሱዙ ይገጨውና ሌላ ደም ይመጣል። ሁለቱንም አስቤዋለሁ። ስለዚህ ሌላው መኪና ሁሉ ይቁም፤ አንድ ብቻ ይውረድ። የራሱ ሚኒባስ ይውረድ። የምነዳው እኔ ነኝ። ከፋሲካ በፊት እመጣለሁ፤ ትኬት ቆርጫለሁ። ሽማግሌዎቹ ዳር ቆመው ይዩ፣ እናቱም ትይ። እኔ ከዳገቱ ጫፍ ተነስቼ ስወርድ እሱ መሃል መንገድ ላይ እጁን አንስቶ ይጠብቀኝ። የሚነዳው ሰው አየኝ ወይስ አላየኝም፣ ይቆማል ወይስ አይቆምም እያለ የሞተሩን ድምፅ ይስማ። አባባ ይህን አላሰበም፤ ሹፌር ሁሉ ሰው መስሎት ነበር። እሱ ግን ያስበው።

ከተሻገረ ወርጄ እጄን እሰጠዋለሁ፤ ስለ እርቁም በእናታችን ስም እምላለሁ። እምቢ ካለ ፍርድ ቤቱ እንደፈለገ ይፍረድ፤ ከአገሬ ሙላት ቃል አይጠብቁ። እብድ ናት ካሉህ፣ እህቴ ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ ስታመላልስ አንድ እግር አልረገጠችም በላቸው።

የአብርሃም፣ የይስሐቅ፣ የያዕቆብ አምላክ አንተንና ቤትህን ይጠብቅልኝ። ልጆችህን ከዚያ መንገድ ይጠብቅልኝ። የምትጠብቀውን ቪዛ ሰጥቶ እዚህ ያገናኘን፣ በአንድ ገበታ ያስቀምጠን። ባለቤትህን ሳምልኝ።

እህትህ
አገሬ ሙላት

ቢራራ፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ አንብብላቸው። ከዚህ በታች ያለው ያንተ ነው።

አንተ እዚያ ከሰዎቹ ጋር ትኖራለህ፣ እኔ ባሕር ማዶ ሆኜ መፎከር ይቀለኛል፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ደብዳቤውን ስጽፍ ኖጋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት።

«ኢማ፣ አት ሜሹጋዓት?» አለችኝ። እማ፣ አበድሽ እንዴ ማለቷ ነው። «ሳባ ቢሆን እኮ ይቅር ይለው ነበር።» ሳባ የምትለው አያቷን፣ አባባን ነው።

«አዎ፣ ሳባሽ ይቅር ይለው ነበር። እኔ ሳባሽ አይደለሁም» አልኳት።

«ኢማ፣ ታቆሚያለሽ?» አለች።

«ተማሪ የማመላልስበትን ሃሳዓ ስነዳ ለሰው ሳላቆም አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አለችና ተነስታ ሄደች።

አሁንም በሩን ዘግታ ክፍሏ ውስጥ ናት። እኔ እዚህ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። የዳገቱን ጫፍ አስበዋለሁ፤ ማርሽ ሳስገባ አስበዋለሁ፤ እጁን አንስቶ ሳየው አስበዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስብ አባባ ይመጣብኛል። ለማን እንደሚያነሳ አላውቅም፣ እሱም እጁን ያነሳል።

ስለዚህ ያን ቀን ከጎኔ አንተ ትቀመጣለህ፤ ሌላ ሰው አይቀመጥ። መንገዱን አትይ። ሰውየውንም አትይ። ነዳጁ ላይ ያለውን እግሬን እይ፤ ዜብራው ጋ ስንደርስ ካላነሳሁት የእጅ ፍሬኑን ሳበው።