የአባዬ ለቅሶ በሐጀራ ደጅ

ውድ ዘአማኑኤል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ምን ብለሽ ጻፍሽለት ብትለኝ አንብቤላት እንዳላፍር ነው። ትናንት የላክሃቸው ሽማግሌዎች መልሱን ሳያደርሱህ አልቀሩም። ምክንያቱን ግን አለሳልሰው ነው የሚነግሩህ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸውና። እኔ የማለሳልስበት ምክንያት የለኝም፤ ከእኔው ስማው።

ሰፈራችን ለልማት ተነስቶ ግማሹ ሰው ቱሉ ዲምቱ፣ ግማሹ እኛ ወዳለንበት ወደ ኮዬ ፈጬ ሲበተን፣ የእድሩ ነገር አባዬን እንቅልፍ ነስቶት ነበር። ሰው ሲያርፍ ጡሩንባ እየነፋ ለሰፈሩ ሲያሰማ የኖረው እሱ ነው። «እንግዲህ የኔ ጡሩንባ ኮዬ አይሰማ፣ ቱሉ ዲምቱ አይሰማ። አንተ በኮምፒውተርህ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!» ያለህ ቀን እኔም ነበርኩ። ኮምፒውተር ተምረህ ስራ ያጣህበት ወቅት ነበር። እኔን እንደምትፈልገኝ ያውቃል፤ ራስህን እስክትችል በዝምታ ይጠብቅህ ነበር።

በእድሩ ቢሮ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ የፈረሰውን ሰፈር ስክሪኑ ላይ መልሳችሁ ሠራችሁት። እሱ ይናገራል፣ አንተ ትስላለህ። «ይሄ ወፍጮ ቤቱ። ቀጥሎ የእነ ሐጀራ፤ ጓሮው ወደ ወንዙ ይሾላል፣ አዎ እንደሱ።» የእድሩ ሰው በብሎክ ቁጥር አይተዋወቅም፤ ዛሬም «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የነበሩት» ነው የሚባባለው። ለዚህ ነው በድሮው ቤት ቅርጽ ያደረጋችሁት። ቅርጹ ሲነካ የባለቤቱ ስም ይመጣል፤ ከስሩ አሁን የሚኖርበት የሚጻፍበት ሳጥን ይከፈታል። ሰው ሲያርፍ ፀሐፊው የሟቹን ቤት ነክቶ «ላክ» ካለ፣ ስሙና የለቅሶው ቦታ በየአባሉ ስልክ ይገባል። አባዬ የእኛን ቤት ቅርጽ ሲያይ «እንዲህ ተንጋዶ ነው ለካ የኖርነው!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። ያን ቀን በጣም ወድጄህ ነበር፣ አልክድም።

አድራሻ ማስገባት የጀመርኩት እኔ ነኝ። የእናትህን የእትዬ አሰጋሽን ጻፍኩና አስቀመጥኩ። ቀጥዬ የእኛን ቤት ስነካ የእናትህ አድራሻ መጣ። የእነ ሐጀራን ነካሁ፤ አሁንም የእናትህ።

«አማኑ፣ ና እስቲ። የትኛውንም ቤት ብነካ አንድ አድራሻ ነው የሚያመጣው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አልከኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «የሚጻፈውን ሁሉ አንድ ቦታ ነው ያስቀመጥኩት። የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ለየቅርጹ የየራሱን ማስቀመጫ መስጠት ነው።»

«ታዲያ ስጠዋ!»

«እሰጠዋለሁ ባክሽ፣ የግማሽ ቀን ስራ ነው። ቅዳሜ ለአባላቱ ሳሳይ ዋናው ቅርጾቹ ሲነኩ ቀለማቸው መቀየሩ ነው። ሰው የሚያየው እሱን ነው።»

እውነትህን ነው፣ ሰው ያየው እሱን ነበር። ቅዳሜ በአባላቱ ፊት አንድ ቤት ብቻ ነክተህ አሳየህ፤ ቀለሙ ሲቀየር አጨበጨቡልህ። ቪዲዮውን ለቀቅከው፣ ያየው ድርጅት ጠርቶ ቀጠረህ። እልል ብዬ ነው የሸኘሁህ። ከመሄድህ በፊት «አስተካከልከው ወይ?» ስልህ «አዎ፣ አልቋል» አልከኝ። ለፀሐፊው ለጋሽ በዛብህም «አልቋል፣ ይጠቀሙበት» ብለህ አስረከብካቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀሙ፣ የሰፈሩን ሰው አድራሻ ሁሉ አስገቡ። የሚጽፉት እያንዳንዱ ቤት ከፊት የጻፉትን ሲያጠፋባቸው ሰነበተ። ስንት ቀን እንደለፉ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እግዜር ይመስገን፣ በመሀል ያረፈ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው አባዬ ሆነ።

ማለዳ ነው ያረፈው። ጋሽ በዛብህ ሲነገራቸው እያለቀሱ ቢሮ ሄዱ፣ የእኛን ቤት ነኩ፣ «ካሳሁን» የሚለውን የአባዬን ስም አዩ፣ ላኩ። አድራሻ ሲያስገቡ ከሁሉ መጨረሻ የጻፉት ግን እነ ሐጀራ የገቡበትን ነበር፤ ስሙ የአባዬ፣ ቦታው የሐጀራ ሆኖ በየስልኩ ገባ። እናም የእድሩ ሰው በሙሉ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን የጫነው መኪና ጭምር፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቱሉ ዲምቱ ሐጀራ በር ላይ ቆመ። ምስኪኗ ሐጀራ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ስታይ ባሏ ከሊል ሱቅ ሄዶ የቀረ መስሏት ራሷን ስታ ወደቀች። ሰው ለእሷ ውሃ ሲል፣ ከሊልን ፍለጋ ሲሮጥ፣ ጊዜው ነጎደ።

እኛ ደግሞ ኮዬ ላይ ሰው እንጠብቃለን። ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፣ ሬሳ ተሸካሚ የለም። የእኔና የእማዬ ስልክ የት እንደተጣለ እንኳ አናውቅም ነበር፤ ሬሳ ያለበት ቤት ማን ስልክ ያያል? ቄሶቹ «እስከ መቼ?» አሉን። አባዬን የተሸከሙት የብሎኩ ጥበቃና ከገባን ወዲህ ሰላምታ ብቻ የተለዋወጥናቸው ጎረቤቶች ናቸው። መንገድ ላይ አንዱ ዝቅ ብሎ «እህት፣ ስማቸው ማን ነበር?» ሲለኝ ሰማሁት። የሰውን ሁሉ ስም ሲጣራ የኖረ ሰው ስሙን በማያውቁት ትከሻ ሄደ። የእድራችን ሰው ሲደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር።

ይህንን እንኳ ይቅር እልህ ነበር መሰለኝ። ስህተት ሰው ይሠራል። አንተ ግን ማታ ድንኳን ገብተህ፣ ሰዎቹ «ያ ሲስተም ምን ሆነ?» ሲሉህ ምን አልክ? «ሲስተሙ ደህና ነው። ሲያስገቡ ተሳስተው ይሆናል፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዓይናቸውም ደከም ብሏል።» ጋሽ በዛብህ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይሰሙህ ነበር። ተነስተው መጡና እናቴ ጉልበት ላይ ወደቁ። «ይቅር በይኝ፣ ወንድሜን ያለ ሰው አስቀበርኩት» እያሉ። አንተ አየሃቸው። አይተህ ሻይህን ጠጣህ።

ደረጃው ስር ይዤህ «ተነስና እውነቱን ንገራቸው» ስልህ እጄን ያዝክ። «ከአርባው በኋላ በእድሩ ስብሰባ ላይ ራሴው እናገራለሁ ሮዲ። ከእኔ አፍ ቢሰሙት ነው የሚሻለው። አሁን ከተወራ መስሪያ ቤቴ ይደርሳል።» አመንኩህ። ከአንተ አፍ ቢሆን እኔም እመርጥ ነበር፤ የማገባው ሰው እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ማየት ፈልጌ ነበር። እስከዚያው ጋሽ በዛብህ ፀሐፊነቱን ተዉ። ሰው ቤት ለቅሶ መድረስም ተዉ፤ ሰው ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ አሉኝ።

አርባው ወጣ። ስብሰባው ደረሰ። በር በሩን እያየሁ ዋልኩ። የላክህልኝ መልእክት «ቢሮ ተይዣለሁ፣ ሌላ ጊዜ» የሚል ነበር።

ያ «ሌላ ጊዜ» ትናንት መጣ፣ ሽማግሌ ሆኖ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አብራ አትቀመጥም መቼም። ቆመው የሚናገሩትን ሰውዬ ድምጽ ስሰማ ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋሽ በዛብህ! ከሰው ሁሉ መርጠህ እሳቸውን ላክህ?

«በካሳሁን ቤት አፌን መክፈት የማይገባኝ ሰው ነኝ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። «ልጁ ግን እርስዎ ከሄዱ እናትየዋ እምቢ አይሉም ብሎ ለመነኝ። ከበደልኳችሁ በደል በኋላ አልሄድም ለማለት ምን ፊት አለኝ?»

በደላቸውን ቆጥረህ ነው የላክሃቸው። አንተው የጫንክባቸውን ሸክም ለእኔ ጥሎሽ አደረግከው። ከዚያ በኋላ ጓዳ መቆየት አልቻልኩም።

«ጋሽ በዛብህ፣ እርስዎ ምንም አልተሳሳቱም» አልኳቸው። ያየሁትን፣ የጠየቅኩህን፣ የመለስክልኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። የማስቀመጫው ነገር እስኪገባቸው ቆዩ፤ ደጋግመው «አስረጂኝ» አሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ዘአማኑኤል ያውቅ ነበር?»

«ከሁላችንም በፊት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ስምህን እንኳ አልደገሙትም። ወደ እናቴ ዞረው «እኔ እኮ ካሳሁንን አላለቀስኩለትም» አሏት። «ያዋረድኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ በምን አፌ ላልቅስ ብዬ…» ጨርሰው መናገር አልቻሉም። ከዚያ እንደ ሕፃን ጮኸው አለቀሱ፤ «ካሳሁን ወንድሜ!» እያሉ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተቀበለቻቸው። አብረዋቸው የመጡትም ቁጭ ማለት አልቻሉም፤ ሁሉም አባዬን የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና ተነስተው ስሙን እየጠሩ አለቀሱ። ጎረቤት ምን ተፈጠረ ብሎ በሩን አንኳኳ።

ለጥያቄህ መልስ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ምን ሊጠየቅ እንደተመጣ የሚያስታውስ ያለም አልመሰለኝም። ሲወጡ ጋሽ በዛብህ ግንባሬን ሳሙኝና «የመጣሁበትን ነገር ትቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ። ለእኔ ከዚያ በላይ ምርቃት የለም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ሽማግሌ አትላክ፣ አትደውል። ስብሰባ ላይ ብትናገር ለራስህ ነው፤ እኔ ለመስማት አልመጣም። ለጋብቻ የላክሃቸው ሰዎች ለቅሶ ደርሰውልን ሄደዋል። አባዬ ትናንት በወዳጆቹ ተለቅሶለታል፣ በገዛ ቤቱ።

ሮዳስ ካሳሁን
ኮዬ ፈጬ