ዋስሽን ጥሪ

ለወንድሜ ለፈንታው፣ ኤርትራ ግንባር፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እዚህ ከባሌ ከአለነ በቀር ሁሉ ደህና ነው።

ገብሱን በረዶ መታው፤ በሬህ ግን ወፍሯል። አለነም ወፍሯል፤ ዱላውንም አልተወም፤ በሁዳዴ ግራ ክንዴን ሰበረኝ። እሱ «ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ እንሂድ» ይላል፤ ሊቀመንበሩ አበልጁ ነዋ! እኔ ግን ያጋቡንን ሽማግሌዎች ወይራው ሥር አስቀመጥኳቸው።

መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ፣ «በደልሽን አይተናል፤ ትፋቻለሽ። ግን የሰማንያሽ ዋስ ወንድምሽ ነው፤ ዋስሽን ጥሪ» አሉኝ። «ብጽፍለትም መልስ የለውም» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና፣ «እንግዲያው በእሱ ቦታ ሌላ ዋስ አቁሚ» አሉ። ደግሞ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው! ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አብሮህ የዘመተው ሀብቴ ተመልሷል። ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፤ ባለጌ!

«ሌላ ዋስ አላቆምም! ዋሴ አለ!» ብያቸው ተነሳሁ። የዚያኑ ዕለት አለነ ቤት ተመልሼ ገባሁ። በሩን እየሳቀ ከፈተልኝ።

አንተስ ምን ያለኸው ወንድም ነህ? አንዲት መስመር መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል? ና፣ ቁምና አፋታኝ። ቅዱስ ላሊበላ ይጠብቅህ።

እህትህ መነን፤ አንተ እስክትመጣ ድረስ የአለነ ሚስት።