ባለቤቴ ብቻዋን የምትቀዝፋት ጀልባ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በፊት፣ መስኮቱ ወደ ሐይቁ በሚያሳየው መኝታ ክፍሌ ትራስ ተደግፌ ይህን የኑዛዜ ቃል እሰጣለሁ። ሰውነቴ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን በቦታው አለ። የሚጠራጠር ካለ ከምስክሮቼ አንዱን፣ ጎረቤቴን ጸጉር አስተካካዩን ይጠይቅ፤ ሲገባ ባርኔጣውን መድኃኒቴ ላይ እንዳስቀመጠ ያየሁት እኔው ነኝ። ሌሎቹ ምስክሮች መረብ ጠጋኙና እኔን የምታስታምመኝ ጡረተኛዋ ነርስ ናቸው። የምናገረውን የጠበቃው ጸሐፊ ቃል በቃል ትጽፋለች። ማንም አላስገደደኝም። ማስገደድ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ባለቤቴ ናት፣ ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጣ ታዳምጣለች።

አንደኛ፤ ይህ ቤት ባለቤቴ በሕይወት እስካለች ድረስ የእሷ ነው። ከእሷ በኋላ የበኩር ልጄ የአውቶቡስ ሹፌሩና እህቱ ልብስ ሰፊዋ እኩል ይካፈሉት። ልጄ ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀና ብሎ ያያል፤ ማየቱን ትቶ ይጠግነው።

ሁለተኛ፤ ዕዳ የለብኝም። ከመረብ ጠጋኙ የተዋስሁት መጋዝ ብቻ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል፤ ይመለስለት። ጥርሱ የረገፈው በእኔ እጅ አይደለም፣ ሲሰጠኝም እንዲሁ ነበር። መረብ ጠጋኙ እዚህ ላይ ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ ይነቅንቅ።

ሦስተኛ፤ ለሁለት ሰው የተሠራችው፣ ለብቻ የምትከብደው አሮጌዋ ጀልባዬ ለታናሽ ወንድሜ ትሁን። የመጀመሪያ ጀልባዬን "እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናት" ብሎ የሸጠልኝ እሱ ነው፤ እንደ ድንጋይም ሰጠመች። ዓመት ሙሉ አኮረፍሁት፣ ከዚያ ናፈቀኝና ታረቅን። ሆኖም የውሃ መጨለፊያው ጣሳም አብሮ ይሰጠው፤ ነገሩ ይገባዋል።

አራተኛ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ባለቤቴን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ "ሞተር" ይላታል። ጀልባችን ሞተር ኖሯት አያውቅም፤ ከተጋባን ጀምሮ የምትቀዝፈው እሷ ናት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የዓሣ ማጥመጃውን ክር እለቃለሁ፣ መንጠቆውም ከኋላችን እየተጎተተ ይከተለናል። የዚህ ዓይነቱ ማጥመድ ሙያው ያለው በቀዛፊው ክንድ ነው፤ ከፈጠነች መንጠቆው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ካዘገመች የውሃ ሣር ይይዘዋል። ቀዛፊ ጀርባውን ለመሄጃው ሰጥቶ ስለሚቀመጥ ያን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊት ስንተያይ ኖርን። ክሩን ትቼ እሷን ሳይ ያመለጠኝ ዓሣ ብዙ ነው፤ አይቆጨኝም።

ልጆቼ ከእኔ በኋላ እናታቸው ሐይቁ ላይ እንዳትወጣ ተማክረዋል። ስለሚሳሱላት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ያቺን ሴት ቤት ውስጥ ብትዘጉባት በቁሟ ትሞትባችኋለች። ስለዚህ ከቁጠባዬ ላይ ብቻዋን የምትቀዝፋት ትንሽ ጀልባ ትገዛላት፤ አመራረጧም እንዲህ ይሁን።

ቀለሟ አያታልላችሁ። ሥሯ ጠፍጣፋ የሆነች ጀልባ ሲቆሙባት አትነቃነቅም፣ ነፋስ ሲመጣ ግን ወደ ጎን ትንሸራተታለች፣ ክሩም ይረግባል። ጠባቧና ሥሯ ሹል የሆነችው ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ዓሣ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ግን ልትገለበጥ ትችላለች። ከሁለቱ መካከል ያለችውን ፈልጉ። የሣንቃዎቹን መጋጠሚያ በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ እንጨቱ ከሰረጎደ ትታችኋት ሂዱ። እናታችሁ ስትቀመጥ እግሯ መደገፊያውን ይርገጥ፤ እግሯ አጭር ነው፣ ይህን በሰው ፊት ስላልሁ አትቆጣኝ። መቅዘፊያዎቹን ስትስብ እጀታዎቹ ተጋጭተው ጣቷን አይቆንጥጡት። ክሩ የሚታሰርበት ቦታ ከዓይኗ ፊት ይሁን፣ ሲወጠር እንድታየው። ነፋስ ባለበት ሰዓት ቀዝፋ ሳትሞክራት ደግሞ አትግዙ።

እዚህ ላይ ልጄ ሹፌሩ ከበሩ አጠገብ፣ "አባዬ፣ ብቻዋን ሄዳ ብትሰጥምብንስ?" አለ።

"አንተ ሌሊት አውቶቡስ ስትነዳ እሷ እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም፤ አንድ ቀን ግን አትሂድ ብላሃለች?" አልሁት። ጸሐፊዋ ይህንንም ትጻፈው።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ተናገረች። "እኔ ጀልባ አልወርስም። አንተ ከሄድህ በኋላ በየትኛው አንጀቴ ነው ጀልባ ስመርጥ የምዞረው? የምትገዛ ከሆነ ነገ ትገዛ። አንተም ቁጭ ብለህ ታይልኛለህ።"

"መራመድ እኮ አልችልም" አልኋት።

"ማን ተራመድ አለህ? ልጅህ ሹፌር አይደለም እንዴ?"

ልጄ እናቱን ሳያያት፣ "ስንት ሰዓት ልምጣ?" አለ።

መረብ ጠጋኙ፣ "ነፋሱ ከረፋዱ በኋላ ነው የሚነሣው" አለው።

ስለዚህ የጀልባዋ ግዢ ከኑዛዜዬ ይሰረዝ፤ ውርስ መሆኑ ቀርቶ የነገ ሥራ ሆኗል። ባለቤቴ ወራሽ በመሆኗ ምስክር መሆን ባትችልም፣ ከስረዛው አጠገብ ፈርማለች። የቀረው ቃሌ እንደተነገረ ይጽና።

ተናዛዡ፦ ፈርመዋል።

ምስክሮች፦ ጸጉር አስተካካዩ ፈርመዋል። መረብ ጠጋኙ፣ ስለ መጋዙ የተባለውን ሳይቀበሉ ፈርመዋል። ጡረተኛዋ ነርስ፣ "ሕመምተኛው ነገ ከቤት እንዲወጣ ፈቅጃለሁ፤ ብርድ ልብስ ይያዝለት፤ ከዳር ሆኖ ያያል እንጂ ጀልባ ላይ አይወጣም" ብለው ጽፈው ፈርመዋል።

የጸሐፊ ማስታወሻ፦ የነርሷን የመጨረሻ ቃል ተናዛዡና ባለቤታቸው አልተቀበሉም።