የእናታችንን ሥር ለምን እንዳልላክሁልሽ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እኅቴ ለእታለም ማንጠግቦሽ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከደምበጫ ዙሪያ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ሳያድር፣ ሚዛን ድረስ በእግሩ ይምጣልሽ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ያ ጉልበትሽ ዝናብ ሊመጣ ሲል አሁንም ይነግርሻል? ባለቤትሽ ውበቱስ እንዴት ነው? ያች ትንሿ ልጅሽ ሂዊስ፣ ትንፋሿ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን፤ ከብቶቹም ደኅና ናቸው፤ ቡሬዋ ላም ወልዳለች።

ይህን ደብዳቤ ያለ ማንም እርዳታ የጻፍሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከደምበጫ እስከ ደብረ ማርቆስ እንደ እኔ የሚጽፍ ገበሬ አታገኝም፤ ከማታ ትምህርቱም አንደኛ ወጥቻለሁ። አንደኛ ስልሽ እንግዲህ፣ አንደኛ የወጣችው ጎረቤታችን ወለተ ሐዋርያት ናት፤ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ የምታይበትም ዓይን አንድ ነው። እኔ ሦስተኛ ነኝ። የተፈተነውም ሰባት ሰው ነው። ቢሆንም እጄ ያምራል ብለውኛል፤ አንቺም ታይዋለሽ።

ድሮ ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ የምልክልሽ ሰው ፊት የሚነገረውን ብቻ ነበር። በስልክም እንደዚያው ነው። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ደውለሽ፣ ሂዊን ደረቷ እንደ ፉጨት ይላታል፣ ከንፈሯም ይጠቁራል፣ እናታችን ቡዳ የበላውን የምታጥንበትን ሥር ላክልኝና ላጥናት ስትይኝ እሽ ብየሽ ነበር። አልላክሁልሽም። አልልክልሽምም። ተቆጭኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሚኝ። ውበቱ ያንብብልሽ፤ ሂዊ እንዳታነብልሽ አደራ።

አምና በታኅሣሥ ልጄ የኔአለም ስታርፍብን አንቺ የሰማሽው ቡዳ በላት ተብሎ ነው። ያን ዕለት ጤፍ እየወቃን ነበር። ገለባውን ነፋስ ሲያነሣው እሷ ከአውድማው ዳር ትዘል ነበር። ከዚያም በፊት ብርድ ሲሆን፣ እንጨቱ ርጥብ ሆኖ ቤቱ ሲጨስ፣ ያስላት ነበር፤ እኛ ጉንፋን ነው እያልን አለፍነው። ያን ዕለት ግን ትከሻዋ ከፍ ዝቅ አለ፤ ከአንገቷ በታች ያለው ጎድጓዳ እየገባ ይወጣል። ቀጥቃጩን አድማሴን ታውቂዋለሽ፤ ጧት መጥረቢያዬን ስሎ ሊሰጠኝ መጥቶ፣ ይህች ልጅ እንዴት ታምራለች ብሎ ነበር። ያ ቃል ትዝ አለኝ። ከዚያ ሌላ ምንም ትዝ አላለኝም።

ተሸክሜያት ቤት ገባሁ። ሰውን ሁሉ፣ የብርጓልንም ጭምር፣ የእናት አንጀት አይችልም ብየ ወደ ውጭ አስወጣሁ። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በጆንያ ደፈንሁ። የእናታችንን ሥር ፍም ላይ ጨምሬ ልጄን ከነጭሱ በጋቢ ሸፈንኋት። ማነህ? ማን በላት? ተናገር! እያልሁ ጮህሁ። ከጋቢው ውስጥ አድማሴ ብላ ጠራች። ከዚያ ዝም አለች። ጋቢውን ስገልጠው ያየሁትን አልጽፈውም፤ ፊደሉ ጠፍቶኝ አይደለም።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ስነፋ ደብረ ማርቆስ ያለ ዳኛ ችሎቱን ያቋርጣል እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ጥሩምባውን አፌ ላይ አድርጌ ትንፋሽ አጣሁ። ለልጄ ሌላ ሰው ነፋላት።

አሁን ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ። እድላዊት የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለችን። ጤና ኬላው ላይ ስብሰባ ስትጠራ የሚመጣላት ሦስት ሴትና አንድ ውሻ ነው፤ ውሻውም የእሷ ነው። በሐዘናችን በሦስተኛው ቀን መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ሰዉን ስትቆጥር አየኋት። ተናደድሁ። ለካ፣ ሀገሩ ሁሉ እዚህ አለ፣ እኔ ኬላ ቁጭ ብየ ማንን ነው የምጠብቀው ብላ ኑሯል።

በሚቀጥለው ወር እድሩ ሲሰበሰብ፣ ስለ ልጆች አስም ላስተምራችሁ ብላ መጣች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደርቤ፣ እድር ሬሳ ይቀብራል እንጂ ሳል አይጠብቅም፣ ልጄ፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ አላት። ወለተ ሐዋርያት ብድግ አለች። አንተ ደርቤ፣ ለእድሩ ለቅሶ እንጀራ ስሸከም ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ስንቱ የአንድ ክንድ ሬሳ እንደሆነ ቆጥረህ ታውቃለህ? ሲሞት ሁላችንም እንመጣለን፤ ሕያው ልጅ ይከብደናል ወይ? አለችው። ጋሽ ደርቤ ጢሙን ዳሰሰ። ከዚያ፣ በይ ተናገሪ፣ ግን አታርዝሚው አላት። እሷም አረዘመችው።

አስም ከሰው ዓይን አይመጣም አለችን። የደረት የአየር መንገድ ሲጠብ ነው፤ ጭስ፣ አቧራ፣ ገለባ፣ ብርድ ያስነሡታል። ልጁን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አትክበቡት፣ በር ክፈቱለት፣ መድኃኒቱን ስጡት፣ ፈጥናችሁም ወደ ሐኪም አድርሱት አለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። እያንዳንዱን ስትናገር እኔ ያደረግሁትን ገልብጣ የምትናገር መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለንን ሁሉ አወጣን። የእድሩ ቃሬዛ ለሬሳና ምጥ ለጠናባት ብቻ ነበር፤ አሁን ትንፋሽ ያጠረው ልጅም ይሸከሙበታል። ጥሩምባውም ለሞት አንድ ረጅም ነው፤ ለትንፋሽ ሦስት አጭር እንዲሆን ተወሰነ። የማታ ትምህርቱ መምህር፣ በሬና ገበሬ የሚለውን ትቶ፣ ሰሌዳው ላይ ጭስ፣ ገለባ፣ ትንፋሽ ብሎ ጻፈልን። እያንዳንዳችን ትምህርቱን በወረቀት ገልብጠን ለሁለት ለሁለት ጎረቤት እንድናነብ ታዘዝን። እኔ ለአምስት ቤት አነበብሁ፤ ሁለቱ ሊያመልጡኝ ሞክረው ነበር። ማንበብ የተማርሁት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ልጄን ካጣሁ በኋላ።

ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ያች የምትነፋዋ ሰማያዊ መድኃኒት የታዘዘችላቸው ልጆች ነበሩ። ትንንሾቹ ግን መሳብ አይችሉበትም፤ ምላሳቸው ላይ ይቀራል። እድላዊት ሥልጠና ላይ እንዳየችው፣ የሃይላንድ ውኃ ፕላስቲክ ቂጡን በመድኃኒቷ አፍ ልክ ይበሳና በዚያ ይነፋበታል፤ ልጁ በወዲያኛው አፍ ይዞ ቀስ እያለ ይተነፍሰዋል። እኛ በቢላ ስንሞክር ተሰነጠቀ፤ በሚስማር ስንሞክር ጠበበ። ብረት በልኩ ሠርቶ፣ አግሎ፣ ጥርት አድርጎ የሚበሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አድማሴ።

ያን ጊዜ ደግሞ አድማሴ ቤት የሚረግጥ የለም። ሰው ማረሻውን ደምበጫ ገበያ ወስዶ ያሠራል። ሚስቱ ከምንጭ ስትመጣ ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እድላዊት ፕላስቲኩን ይዛ ሄደች። አድማሴ፣ እኔ የነካሁትን ልጆቻቸው አፍ ላይ ያደርጉታል ወይ? አላት። አንተ ብሳ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው አለችው። አሥራ አንድ በሳ። ማንም አመሰግናለሁ አላለውም። እኔም አላልሁትም።

በመጋቢት የወለተ ሐዋርያት የልጅ ልጅ እርሻ ዳር ትንፋሹ ተያዘ። ሦስት አጭር ነፋሁ። የሚያርሰው ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ መጣ። እድላዊት መድኃኒቱን በዚያው በአድማሴ ፕላስቲክ ሰጠችው፤ አራት ሰው በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ሮጠ፣ ከዚያ ባጃጅ ወደ ደምበጫ ወሰደው። በማግስቱ ዳቦ እየገመጠ ተመለሰ። ሰው ሲስቅ እኔም ልስቅ አፌን ከፈትሁ። የብርጓል ከጎኔ ነበረች። ባዘዘው፣ ይህ ሁሉ ሰው ያን ዕለት የት ነበር? አለችኝ። ሁሉም ደጃችን ላይ ነበር፣ እታለም። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ በሥሩ ፈንታ የላክሁልሽ ከደብዳቤው ጋር በነጠላ የተጠቀለለው፣ ቂጡ የተበሳው ፕላስቲክ ነው። ባዶ ነው ብለሽ እንዳትጥይው። ሂዊን ሐኪም ቤት ወስደሽ አስመርምሪያት፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ ይዘዝላት፤ በፕላስቲኩ እንዴት እንደሚሰጥም እዚያው ያሳዩሽ። እናንተም እዚያ የጎጃም ሰዎች እድር አላችሁ አሉ፤ ሲሰበሰብ ውበቱ የእድላዊትን ቃል ያንብብላቸው። ልጆቻቸውን በጭስ የሚያጥኑ እኛ ብቻ አይደለንም።

ለውበቱ፣ ትከሻ ለትከሻ የተገጠመ ሰላምታ አድርሽልኝ። ሂዊን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ አጎትሽ መጻፍ ተምሯል፣ ከአንቺ ጋር ይወዳደራል በያት። የብርጓል ስማችሁን ሳትጠራ አትውልም። ወለተ ሐዋርያት፣ አንደኛ የወጣሁት እኔ መሆኔን ንገራት ብላኛለች፤ ነግሬሻለሁ።

ወንድምሽ ባዘዘው
ደምበጫ ዙሪያ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.

እታለም፣ ወረቀቱን አጥፌ አሽጌው ነበር፤ እንደገና ከፈትሁት። አንቺን አውቅሻለሁ። ይህን ሁሉ ሰምተሽ፣ ሥሩ እኮ የበላትን ስም አስጠርቶታል፣ ዘግይቶ ነው እንጂ ይሠራ ነበር ትያለሽ። ከዚያ ከሌላ ሰው አስልከሽ ሂዊን ትሸፍኛታለሽ። ስለዚህ ልናገረው። ላይ ከጻፍሁት አንዱ ውሸት ነው። የኔአለም አድማሴን አልጠራችም። የማንንም ስም አልጠራችም። ስወጣ ደጅ ያለው ሰው ምን አለች? ማንን ጠራች? ሲለኝ፣ ልጄን ታቅፌ ባዶ አፌን መቆም አቃተኝና አድማሴ አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት። የብርጓልም እስከ ዛሬ አታውቅም። እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ አድማሴ በተቀመጠበት እናገረዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንቺ ስሚው፣ የአንቺ ልጅ ገና ትተነፍሳለችና። የኔአለም ከጋቢው ውስጥ፣ አባ፣ በሩን ክፈትልኝ ነው ያለችኝ። ሁለት ጊዜ።